ሺህ ድምፅ በአንድ ክር፦ ከሲያትል እስከ አዲስ አበባ

በኮምፒዩተር ኔትወርክ ውስጥ የሚጓዝ ነገር ሁሉ፣ የእናት ድምፅም ይሁን የሠርግ ቪዲዮ ወይም የባንክ ሰነድ፣ ለመስመሩ አንድ ነው፤ የዜሮና የአንድ ሰልፍ። እያንዳንዱ ዜሮ ወይም አንድ ቢት ይባላል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ከሲያትል ራይኒየር ጎዳና ወደ አዲስ አበባ «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ፊደል የላከ ይመስለዋል፤ ስልኩ የሚልከው ግን 9 ባይት፣ ማለትም 72 ቢት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቁጥሮች አግኝቷል፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» ብቻዋን 11100001 10001000 10110000 ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢት ብቻውን መንገድ አይሄድም፤ የሚሸከመው ምልክት ይፈልጋል። በመዳብ ሽቦ ላይ ምልክቱ የቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ በአየር ላይ የሬዲዮ ሞገድ፣ በፋይበር ውስጥ ደግሞ ብርሃን። ላኪው ምልክቱን በተወሰነች ቅጽበት ይለዋውጣል፤ ተቀባዩም በዚያችው ቅጽበት እየለካ ዜሮ ወይም አንድ ብሎ ይመዘግባል። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ የሁለቱ ሰዓት ካልተስማማ ሁሉም ይበላሻል። ሃምሳ ዜሮ ተከታትሎ ቢመጣና ሽቦው ላይ ምንም ለውጥ ባይታይ፣ ተቀባዩ ሃምሳ ይሁን ሃምሳ አንድ ሊጠፋበት ይችላል። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ያስተላልፉ የነበሩት የቀድሞዎቹ የኢተርኔት መስመሮች ለዚህ ማንቸስተር የሚባል ዘዴ ነበራቸው። በእያንዳንዱ ቢት መካከል ቮልቴጁ ግድ ይለወጣል፤ ተቀባዩ ከዚያ ለውጥ ቢቱንም ሰዓቱንም ያገኛል። መንገድ ላይ የሚበላሽ ቢት መቼም አይጠፋምና፣ ላኪው በእያንዳንዱ የኢተርኔት ጥቅል መጨረሻ ላይ ከይዘቱ ተሰልቶ የወጣ 32 ቢት ማረጋገጫ ይጨምራል። ተቀባዩ ስሌቱን ደግሞ ይሠራል፤ ካልገጠመለት ጥቅሉን ይጥለዋል።

አንድ መስመር ምን ያህል ቢት መሸከም እንደሚችል ክሎድ ሻነን በ1948 በሒሳብ አሳይቷል። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መስመሩ የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ማለትም ባንድዊድዙ፣ እና ምልክቱ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚጎላ። ከዚያ ወሰን በታች ከተሠራ ስህተትን የተፈለገውን ያህል ማሳነስ ይቻላል፤ ከወሰኑ በላይ ግን የትኛውም ብልሃት አያዋጣም። በተራ የስልክ መስመር ይሠሩ የነበሩት ሞደሞች በሰከንድ ከ56 ኪሎ ቢት ያላለፉት መስመሩ ለሰው ድምፅ ብቻ ተብሎ የተለካ ጠባብ መንገድ ስለነበረ ነው።

ሰፊ መስመር ሲገኝ ደግሞ ለአንድ ሰው ይበዛል። የፋይበር መስመር ወጪው መስታወቱ ላይ አይደለም፤ ጉድጓድ በመቆፈር፣ መርከብ በማሰማራት፣ ፈቃድ በማግኘትና መስመሩን ለዓመታት በመጠበቅ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከፍሎ አንድ ወሬ ብቻ ማሳለፍ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የብዙ ሰዎችን መልእክት በአንድ መስመር ላይ አሰባስቦ መላክና ማዶ ላይ ሳይደባለቅ ለየባለቤቱ ማድረስ የግድ ይሆናል። ይህ ሥራ መልቲፕሌክሲንግ ይባላል። ከባዱ ማሰባሰቡ ሳይሆን መለየቱ ነው። ዘዴዎቹ የሚለያዩት መልእክቶቹ በምን ይለዩ በሚለው ላይ ነው፤ በፍሪኩዌንሲ፣ በጊዜ፣ በብርሃን ቀለም ወይስ በላያቸው በተጻፈ አድራሻ? ከዚህ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣ ሌላ ጥያቄም አለ፤ መስመሩ ሲሞላ ማን ይጠብቅ?

ሐሳቡ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ቴሌግራፍ ሲያትል የደረሰው በ1864 ነበር፤ ከሲያትል እስከ አላስካዋ ሲትካ በባሕር ውስጥ የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ደግሞ በ1904 ተጠናቀቀ። በዚያ ዘመን ሽቦ ውድ ነበር፤ ተራ ጠባቂውም ብዙ። በ1874 ቶማስ ኤዲሰን በአንድ ሽቦ አራት መልእክት፣ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ፣ የሚያስኬድ ዘዴ አወጣ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ ኦፕሬተሮች ሽቦውን በተራ የሚጋሩበትን የቴሌግራፍ መሣሪያ አስመዘገበ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በ1876 ስልክ ላይ የደረሰው ሌላ ነገር ሲፈልግ ነበር፤ በተለያየ ቃና ብዙ ቴሌግራሞችን በአንድ ሽቦ መላክ ይቻል እንደሆነ ይሞክር ነበርና። ስልክ ራሱ አንድን መስመር ለብዙዎች የማካፈል ጥረት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በፍሪኩዌንሲ መለየትን የማያውቅ የሬዲዮ አድማጭ የለም። አዲስ አበባ ላይ ሸገር በ102.1፣ ፋና በ98.1 ሜጋ ኸርዝ በአንድ አየር፣ በአንድ ጊዜ ያሰራጫሉ፤ የሬዲዮው መቃኛ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። የስልክ ኩባንያዎች ይህንኑ በሽቦ ላይ አደረጉት። የሰው ንግግር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ውስጥ ቢወሰን በደንብ ይሰማል፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ ከነመለያ ክፍተቱ 4 ኪሎ ኸርዝ ተሰጠው። አሥራ ሁለት ጥሪዎች እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ቦታ ከፍ ተደርገው ከ60 እስከ 108 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ስፍራ ሞሉ፤ እንዲህ ያሉ ባለ አሥራ ሁለት ጥሪ ቡድኖች ደግሞ በላይ በላይ እየተደረቡ በአንድ ገመድ መቶዎች ጥሪዎች አለፉ። ችግሩ ረብሻው ነው። ምልክቱ በየመንገዱ ሲጎላ ከእሱ ጋር የተጠራቀመው ሹክሹክታም አብሮ ይጎላል፤ የሩቅ አገር ጥሪ እንደ ዝናብ ይንሿሿ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የፈታው ድምፅን ወደ ቁጥር መቀየር ነበር። ቁጥር ከደበዘዘ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ መሃል መንገድ ላይ ያለ መሣሪያ የደከመውን ዜሮና አንድ አንብቦ ጥርት ያለ ዜሮና አንድ አድርጎ ይልከዋል፣ ረብሻው እዚያው ይቀራል። እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ሐሳቡን በ1930ዎቹ መጨረሻ ቢያስመዘግበውም ዘመኑ የሚሠራበት ርካሽ መሣሪያ አልነበረውም። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ይጻፋል፤ አንድ ጥሪ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። 8,000 የተመረጠው የአንድን ድምፅ ሙሉ መልክ ለመያዝ ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ከእጥፍ በላይ መለካት ስለሚያስፈልግ ነው፤ 4,000 ሲደረብ 8,000 ነው።

ሲያትል የስፔስ ኒድል ማማዋን በከፈተችበት በ1962፣ የቤል ስልክ ኩባንያ ቲ-1 የተባለውን መስመር ኢሊኖይ ውስጥ ሥራ ላይ አዋለ። ቲ-1 በጊዜ የሚለይ መልቲፕሌክሲንግ ነው። በየ125 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ፍሬም ይወጣል። በፍሬሙ ውስጥ 24 ጥሪዎች በቅደም ተከተል 8፣ 8 ቢት ያስቀምጣሉ፤ 192 ቢት ይሆናል። በላዩ ላይ ፍሬሙ የት እንደሚጀምር የምትናገር አንዲት ቢት ትጨመራለች፤ 193። ይህ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ሲደጋገም 1,544,000 ቢት ይሆናል። ያቺ አንዲት ትርፍ ቢት ባትኖር ተቀባዩ የመጀመሪያውን ጥሪ ከሁለተኛው ለይቶ ማወቂያ አይኖረውም፤ ሰባተኛው ሰው የስምንተኛውን ወሬ ይሰማል። በዚህ ዘዴ ጥሪዎቹ አድራሻ አያስፈልጋቸውም፤ የእያንዳንዱ ማንነት ተራው ነው። ነገሩ እቁብን ይመስላል፦ ዙሩ የታወቀ ነው፣ ተራው የደረሰው ሰው ገንዘቡን ያን ቀን ቢፈልገውም ባይፈልገውም ይወስዳል። ሰው ደግሞ በስልክ ሲያወራ ግማሹን ጊዜ የሚያዳምጥ ነው። እሱ ዝም ባለ ቁጥር የእሱ 8 ቢት ባዶዋን ትሄዳለች፤ ሌላ ሰው ሊወስዳት አይችልም። ዋስትናው ሙሉ ነው፣ ብክነቱም እንዲሁ።

አውሮፓ 32 ክፍል ያለውንና በሰከንድ 2,048,000 ቢት የሚሸከመውን ኢ-1 መረጠች፤ ከሰሜን አሜሪካና ከጃፓን ውጭ ያለው አብዛኛው ዓለም፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ተከተላት። ድምፁ ወደ 8 ቢት የሚቀየርበት ቀመር እንኳ በሁለቱ ወገን ይለያያል። ስለዚህ ከሲያትል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የድሮ የስልክ ጥሪ መንገድ ላይ ከአንዱ ቀመር ወደ ሌላው መተርጎም ነበረበት፤ የዓለም አቀፉ ደንብ ይህን ሥራ የሰጠው ለአሜሪካው ወገን ነው። የመስመሮቹ ፍጥነት እያደገ ሲሄድ ሶኔትና ኤስዲኤች የተባሉ ሥርዓቶች ትንንሾቹን ፍሬሞች በትልልቅ ፍሬሞች ውስጥ መክተት ጀመሩ፤ መሠረቱ ግን ያው ተራ ነው።

ትልቁ ዝላይ የመጣው ከብርሃን ነው። ቻርልስ ካኦ በ1966 መስታወት በበቂ ሁኔታ ከጠራ ብርሃንን ለረጅም መንገድ መምራት እንደሚችል አስረዳ፤ ለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዛሬው ፋይበር ከሰው ፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር ነው፤ ጥራቱም ብርሃኑ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገና በግማሽ የሚቀንስበት ነው። እንደዚያም ሆኖ 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደርሰው ከመቶ አንዱ ብቻ ነው፤ ውቅያኖስ ለመሻገር በየመንገዱ መጎላት አለበት። ቀድሞ ይህ የሚደረገው ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ ወደ ብርሃን በመቀየር ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ አንድን ቀለም ብቻ ያውቃል። በ1987 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ፔይን የሚመራው ቡድን ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ፋይበር ብርሃንን በብርሃንነቱ ሊያጎላ እንደሚችል አሳየ። ይህ ማጉያ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀለማትን አብሮ ያጎላል። በአንድ ክር ብዙ ቀለም መላክ ከዚያ ወዲህ አዋጭ ሆነ።

ቀለም ሲባል ዓይን የሚያየው አይደለም፤ ከቀይ በታች ያለ፣ የሞገድ ርዝመቱ 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ነው። ሌዘሮቹ እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ በሚለያይ የሞገድ ርዝመት ያበራሉ፤ አንድ መሣሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ክር ያስገባቸዋል፤ ማዶ ያለው መሣሪያ እንደገና ይለያያቸዋል። ቀለማቱ በመንገድ ላይ እርስ በርስ ብዙም አይነካኩም፤ አንዱ ቀለም የቪዲዮ፣ ሌላው የባንክ፣ ሦስተኛው የስልክ ቢሆን ፋይበሩ ጉዳዩ አይደለም። የዚህን ጉልበት ለማየት በ2016 አገልግሎት የጀመረውን ፋስተር የተባለ የባሕር ገመድ መመልከት ይበቃል። ከኦሪገን ግዛት ጠረፍ እስከ ጃፓን 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በየብስ ቅጥያውም ከሲያትል ጋር ይገናኛል። ስድስት ጥንድ ፋይበር አለው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ 100 ቀለም፤ በእያንዳንዱ ቀለም በሰከንድ 100 ጊጋ ቢት። ስድስት በመቶ፣ በመቶ ሲባዛ 60 ቴራ ቢት ነው። ከስድስቱ አንዱ ጥንድ ብቻ፣ ድሮ ለአንድ ስልክ ይሰጥ በነበረው 64 ኪሎ ቢት ቢካፈል ከ150 ሚሊዮን በላይ ጥሪ ይሸከማል፤ ይህ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ቁጥር ይበልጣል። ከሲያትል በስተ ሰሜን ሃርበር ፖይንት ላይ የሚወጣው ፓስፊክ ክሮሲንግ የተባለው ገመድም በዚሁ ዘዴ ነው ከጃፓን ጋር የሚያገናኘው።

ቀለማቱን ከለዩ በኋላ በእያንዳንዱ ቀለም ውስጥ ያለውን 100 ጊጋ ቢት እንደገና ማካፈል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ኮምፒዩተር ከስልክ የተለየ ባሕርይ ያለው። ኮምፒዩተር ሲጠይቅ በአንድ ቅጽበት ብዙ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሰውየው እስኪያነብ ድረስ ምንም አይልክም። ለእንዲህ ያለ ሰው ቋሚ ተራ መስጠት መስመሩን ባዶ ማስኬድ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ፖል ባራንና እንግሊዛዊው ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አንድ ዓይነት መልስ ላይ ደረሱ፤ መልእክቱ ተቆራርጦ ፓኬት ይሁን፣ እያንዳንዱ ፓኬት አድራሻውን ራሱ ይሸከም፣ ቋሚ ተራ ይቅር። የደረሰ ይለፍ፤ ሁለት በአንድ ጊዜ ከደረሱ አንዱ ፓኬቶችን በሚመራው መሣሪያ፣ በራውተሩ፣ ማኅደር ውስጥ ይጠብቅ። በጥቅምት 1969 የመጀመሪያው መልእክት የተላለፈበት አርፓኔት የተባለው የኮምፒዩተር ኔትወርክ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት የሚባለውም።

የኢንተርኔት ጥሪ በዚህ ዓይን ሲታይ የተቆረጠ ንግግር ነው። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ይሰበስብና በአንድ ፓኬት ይልካል፤ በሰከንድ 50 ፓኬት። ድምፁ በድሮው ልክ ቢሆን አንዱ ፓኬት 160 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ በላዩም የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ የተራ ቁጥሩንና የሰዓቱን ምልክት የያዘ 40 ባይት ይታከልበታል። በ2012 የወጣው ኦፐስ የተባለው ዘዴ ድምፁን ከዚያ በብዙ አሳንሶ ይልካል። ተቀባዩ ስልክ የመጡትን ፓኬቶች ወዲያው አያሰማም፤ ጥቂት ያጠራቅማል፣ ቀድሞ የመጣውንና የዘገየውን በቁጥራቸው ያስተካክላል፣ ከዚያ ያጫውታል። «ሃሎ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል» የሚባለው ከመጠበቂያው ጊዜ በላይ የዘገየ ወይም ጨርሶ የጠፋ ፓኬት ሲበዛ ነው። እዚያው ስልክ ውስጥም መካፈል አለ። አንድ ስልክ በአንድ አድራሻ እየተጠቀመ በአንድ ጊዜ ድምፅ፣ ጽሑፍና ፎቶ ይቀበላል፤ የትኛው ፓኬት ለየትኛው መተግበሪያ እንደሆነ የሚለየው ፖርት በሚባል 16 ቢት ቁጥር ነው።

ቋሚ ተራን መተው ትልቅ ትርፍ አለው፤ ዕዳም አለው። ትርፉ የሚገኘው ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይፈልግም ከሚል እምነት ነው። ይህን በሒሳብ የመረመረው ለኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ በ1917 ያወጣው ቀመር አንድ ከተማ ስንት የስልክ መስመር እንደሚበቃው ለማስላት ዛሬም ያገለግላል። እምነቱ የሚሰበርባቸው ቀናት አሉ። በአብዛኞቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 10 ሲያትል ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ የእንቁጣጣሽ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት በሲያትል ቼሪ ጎዳና አካባቢ ያለ ቤተሰብም፣ ዋሽንግተን ዲሲ ያለውም፣ ጅዳ ያለውም የሚደውለው ወደ አንድ አገር ነው። በቋሚ ተራ ዘመን መስመሮቹ ሲሞሉ የቀረው ሰው «መስመሩ ተይዟል» ይባል ነበር፤ መስመር ያገኘው ግን ጥራቱ ሳይቀንስ ያወራል። በፓኬት ዘመን ማንም ተመላሽ አይሆንም፤ የሁሉም ጥሪ በጥቂቱ ይበላሻል። የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ አገልግሎቱ ነው። ለአምቡላንስ ጥሪ የመጀመሪያው፣ ለዓውደ ዓመት ምርቃት ሁለተኛው ይሻላል ማለት የሚያስኬድ ይመስላል።

ሁለተኛው መንገድ ካልተጠነቀቁለት ግን ከመበላሸትም አልፎ ይወድቃል። በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና በጎረቤቱ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ መካከል ያለው መስመር በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነበር። ምክንያቱ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፓኬቱ የጠፋበት ሲመስለው ደግሞ ይልክ ስለነበር ነው፤ መስመሩ በተጨናነቀ መጠን ይበልጥ ይጨናነቃል። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ትሕትናን ለማሽን ያስተማረ ነው፦ ፓኬት ሲጠፋ የላኪው ፍጥነት ይቀንስ፣ መንገዱ ሲከፈት ቀስ በቀስ ይጨምር። ይህን የሚያዝ ማዕከላዊ አለቃ የለም፤ በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር በራሱ ይፈጽመዋል። ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው ምናልባት ይህ ነው።

በአየር ላይ በፍሪኩዌንሲና በጊዜ የመለየት ዘዴዎች ይቀላቀላሉ። በ4ጂ ኔትወርክ 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው ሞገድ በ15 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት 1,200 ቀጫጭን ሞገዶች ሆኖ ይከፈላል፤ እነዚህም በ12፣ በ12 ይቧደናሉ። የአንቴናው ጣቢያ በየሚሊ ሰከንዱ የትኛው ቡድን ለየትኛው ስልክ እንደሚሰጥ ይወስናል። መርካቶ መሃል ቆሞ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው በዙሪያው ካለው ሕዝብ ጋር በሰከንድ ሺህ ጊዜ ድልድል ውስጥ ይገባል። ስታዲየም ሲሞላ ኢንተርኔት የሚቀዘቅዘው አንቴናው ስለደከመ ሳይሆን የሚደለደለው ያው ሆኖ ተካፋዩ ስለበዛ ነው።

እነዚህ መስመሮች የሚገናኙበት አካላዊ ቦታ አለ፤ በሲያትል ይህ ቦታ በስድስተኛ ጎዳና ላይ የሚገኘው ባለ 34 ፎቁ የዌስቲን ሕንፃ ነው። በ1981 ሲሠራ የዌስቲን ሆቴሎች ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። ከውጭ ለሚያየው ተራ የቢሮ ሕንፃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የራውተርና የሰርቨር መደርደሪያ ነው። 19ኛው ፎቅ ላይ የልዩ ልዩ ድርጅቶች ፋይበሮች የሚገናኙበት ክፍል አለ። ከአንዱ ድርጅት ሳጥን የወጣ ክር በሌላው ሳጥን ላይ ሲሰካ ሁለት ኔትወርኮች ተገናኙ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ድርጅት የተለየ ክር መዘርጋት ግን ያው የብክነት ጥያቄ ያመጣል፤ መቶ ድርጅቶች እርስ በርስ እንገናኝ ቢሉ 4,950 ክር ያስፈልጋል። በ1997 የተጀመረው የሲያትል ኢንተርኔት መለዋወጫ፣ በአጭሩ ሲክስ፣ ይህን የፈታው ሁሉም ወደ አንድ የጋራ ማዕከል አንድ አንድ ክር እንዲያስገቡ በማድረግ ነው፤ መቶ ክር ይበቃል። በእያንዳንዱ ክር ውስጥ ወደ ሁሉም የሚሄዱ ፓኬቶች ተደባልቀው ይገባሉ፤ ማዕከሉ በአድራሻቸው ይለያቸዋል። ሲክስ ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ ዛሬ በሰከንድ ከአንድ ቴራ ቢት በላይ ያስተላልፋል። የሕንፃው መሣሪያዎች የሚያወጡት ሙቀትም አይባክንም፤ በመንገዱ ሥር በተቀበረ የውኃ ቧንቧ ተሻግሮ የአማዞንን ፎቆች ያሞቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካን በየብስ አቋርጦ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በአውሮፓና በሜዲትራኒያን አልፎ፣ ግብፅንና ቀይ ባሕርን ተከትሎ ጂቡቲ ይደርሳል። ሲ-ሚ-ዊ 5፣ ኤኤኢ-1 እና ኢሲ የተባሉት ገመዶች እዚያ ይወጣሉ። ከጂቡቲ በየብስ ፋይበር ወደ መሃል አገር ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 13,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገመዱ ግን ይጠማዘዛል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ መንገዱ 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን አንድ ቃል ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይወስዳል፤ ጆሮ አይለየውም። በስልክ ካርድ ይደወል በነበረበት ዘመን ጥሪው ብዙ ጊዜ በሳተላይት ያልፍ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም መውጣትና መውረዱ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱም ሌላ ሩብ። ሁለት ዘመዳሞች አብረው ጀምረው አብረው ዝም የሚሉትና «አንተ ቀጥል» የሚባባሉት በዚህ መዘግየት ነበር፤ ደቂቃዋ ደግሞ በገንዘብ ትቆጠራለች።

ብዙውን በአንድ ክር ማሰባሰብ አደጋውንም ያሰባስባል። በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ አንዷ ራሷ ኤኤኢ-1 ነበረች። የተጠረጠረው በጥቃት ተመትታ ስትንሳፈፍ የነበረች ሩቢማር የተባለች መርከብ የጎተተችው መልሕቅ ነው። ገመድ ሲቆረጥ በክሩ ውስጥ ያለው ቀለም ሁሉ፣ በቀለሙ ውስጥ ያለው ፓኬት ሁሉ አብሮ ይቆማል። ራውተሮች የቀረውን መንገድ ፈልገው ፓኬቱን ወደዚያ ያዞራሉ፤ ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም ከጂቡቲ ሌላ በኬንያና በሱዳን በኩል መውጫ አላት። የተረፈው መስመር ግን የራሱንም የመጣበትንም መሸከም ስላለበት መጠበቁ ይረዝማል፣ የሚጣለው ፓኬት ይበዛል። የጥገና መርከብ ደርሶ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ከባሕሩ ወለል በመንጠቆ ያወጣል፤ አዲስ ገመድ መሃል ላይ ያስገባል፤ ክሮቹን አንድ በአንድ በሙቀት አቅልጦ ያጣብቃል፤ ሞክሮ መልሶ ያወርዳል። ሥራው ራሱ የቀናት ነው። ከየመን ባለሥልጣናት ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበረና ባሕሩም ስላልተረጋጋ ግን የ2024ቱ ጥገና ወራት ፈጅቷል።